ደሙ አልቆም ያለው ልጅ

ስምንተኛው ቀን ነው። አራሷ ከመጋረጃ ጀርባ ተኝታለች፣ ጓዳ ውስጥ ገንፎ እየተገነፋ ነው፣ ወንዶቹ በረንዳ ላይ ቡና ይዘዋል። ገራዡ የሰፈሩን ወንድ ግማሹን የገረዙ አዛውንት ናቸው፤ «እጃቸው ቀላል ነው» ይባልላቸዋል። አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ ያወጣሉ፣ ሥራቸውን በአፍታ ይጨርሳሉ፣ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ መርቀው ይሄዳሉ።

ማታ ጨርቁ ርሷል። ይቀየራል። እኩለ ሌሊት ላይ ዳግመኛ ይቀየራል። ደሙ ቢንፎለፎል ኖሮ ቤቱ በጩኸት ይናወጥ ነበር፤ ግን ጠብ፣ ጠብ ብቻ ነው የሚለው፤ ስለዚህ ማንም አይደነግጥም። አያት የቡና ዱቄት ይነሰንሱበታል። ሲነጋ ሕፃኑ ጡት ለመያዝ አቅም አጥቷል፣ መዳፉ ነጥቷል። አራት ኪሎ የማይሞላ ሕፃን በመላ ሰውነቱ ያለው ደም አንድ የለስላሳ ጠርሙስ ቢሞላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ሲል ያደረ ደም ከዚያ ላይ ተቀናሽ ነው።

ይህን ትዕይንት ከአንድ ቤት አላመጣሁትም፤ በየቦታው የሚደጋገም ነው። የሚቀጥለውም ያው ነው። ልጁ ቢተርፍም ባይተርፍም ቤተሰቡ ጥፋተኛ ይፈልጋል። መጀመሪያ ገራዡ ይታማሉ፣ ቀጥሎ የሰው ዓይን። ከዚህ በፊት የሞተ ወንድ ልጅ ካለ ግን ነገሩ ወደ እናትየው ይዞራል፤ «ሾተላይ አለባት» ይባላል። የባል ዘመዶችም «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብለው ይዘጉታል።

የሚገርመው የባል ዘመዶች ስለ ራሳቸው ዘር የሚሉት እውነት መሆኑ ነው። በሽታው ከእነሱ አልመጣም። ከእነሱ አለመምጣቱ ግን እናትየዋን ጥፋተኛ አያደርጋትም፤ ብዙ ጊዜም የነገሩ መነሻ እሷ ራሷ አይደለችም። ወደዚያ እንደርሳለን።

ሄሞፊሊያ ደም በአግባቡ እንዳይረጋ የሚያደርግ፣ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ነው። ሰው ሲቆረጥ በመጀመሪያ የደም ሥሩ ይኮማተራል፤ ፕሌትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች ቀዳዳው ላይ ይከማቻሉ፤ ከዚያ በደም ውስጥ የሚዞሩ ፕሮቲኖች ተራ በተራ እርስ በርሳቸው እየተቀሰቀሱ ጠንካራ መረብ ይሠሩና ቀዳዳውን ይደፍኑታል። እነዚህ ፕሮቲኖች ፋክተር ይባላሉ፤ ስማቸው ቁጥር ነው። ፋክተር 8 የጎደለው ሄሞፊሊያ ኤ አለበት፣ ፋክተር 9 የጎደለው ሄሞፊሊያ ቢ። ኤ ከ5,000 ወንድ ልጆች በአንዱ ገደማ ይገኛል፤ ቢ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ሕመምተኛው ከሌላው ሰው በላይ በፍጥነት አይደማም፤ ለረጅም ጊዜ ነው የሚደማው። የሕመሙ ክብደት የሚለካው በቀረው ፋክተር መጠን ነው። ከመደበኛው 1 በመቶ እንኳ የሌለው ከባድ ይባላል፤ ሳይመታ ሳይቆረጥም ሊደማ ይችላል። ከ5 እስከ 40 በመቶ ያለው ጥርስ እስኪነቀል ወይም ቀዶ ሕክምና እስኪያደርግ ድረስ ምንም ሳያውቅ ሊኖር ይችላል።

የዘር ነገር ከሆነ፣ ዘር ቆጣሪ በሆነ አገር ለምን ሳይታወቅ ይቀራል? አንዱ መልስ አቆጣጠራችን ላይ ያለ ይመስለኛል። ስማችን አባትን ይከተላል፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። እገሌ እገሌን ወለደ ሲባል የሚጠራው ወንድ ነው። የእናት ወንድም፣ ያውም በአራስነቱ የሞተ፣ በዚህ ቆጠራ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ክርስትና ሳይነሳ ከሞተማ ስም እንኳ የለውም። ሄሞፊሊያ የሚጓዘው ደግሞ በትክክል በዚያ ባልተጠራው መስመር ነው። አያት ወንድሟን ቀብራለች፣ እናት አጎቷን አታውቅም፣ ልጅ ይገረዛል።

መስመሩን የጥንት ሰዎች አይተውት ነበር። በአይሁድ ታልሙድ ውስጥ፣ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ስለ ነበሩ ሊቃውንት የተጻፈ አንድ ጉዳይ አለ። በገሊላዋ የሴፎሪስ ከተማ አራት እኅትማማቾች ነበሩ። የመጀመሪያዋ ልጇን አስገረዘች፣ ሞተ። ሁለተኛዋ አስገረዘች፣ ሞተ። ሦስተኛዋም እንዲሁ። አራተኛዋ ልጇን ይዛ ረባን ስምዖን ወልደ ገማልያል ዘንድ ብትመጣ አትገርዢው አሏት። ግርዘትን ያህል ትእዛዝ ለአንድ ሕፃን ሲሉ አቆሙት፤ ያቆሙትም የእናቱን እኅቶች ልጆች ዕጣ አይተው ነው። ከዘመናት በኋላ በግብፅ የኖረው ሐኪምና ፈላስፋ ሙሴ ማይሞኒደስ ይህን ደንብ ሲያጸና፣ ልጆቹ ከመጀመሪያው ባል ቢወለዱም ከሁለተኛው ለውጥ የለውም ብሎ ጻፈ። አባቱ ቢቀየርም አደጋው ከእናትየው ጋር ይቀጥላል ማለት ነው። ክሮሞዞም የሚባል ነገር ሊታወቅ ገና ሰባት መቶ ዓመት ይቀረው ነበር።

በ1000 ገደማ የኮርዶባው ቀዶ ሐኪም አል ዘህራዊ፣ ወንዶቻቸው በትንሽ ቁስል ደም እየፈሰሳቸው የሚሞቱ ቤተሰቦችን መዝግቧል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1803 ደግሞ ጆን ኮንራድ ኦቶ የተባለ የፊላዴልፊያ ሐኪም፣ የአንድ ቤተሰብን ደም መፍሰስ ሰባ ሰማንያ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ተከትሎ በኒው ሃምፕሻየር ከሰፈረች አንዲት ሴት ላይ ደረሰ። የሚደሙት ወንዶቹ ብቻ እንደሆኑ፣ የሚያስተላልፉት ግን ራሳቸው ጤነኛ የሆኑት ሴቶች እንደሆኑ በግልጽ አስቀመጠ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የፋክተር 8ም የፋክተር 9ም ጂን የሚገኘው ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍንላታል። ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ነው ያለው፤ እሱንም የሚያገኘው ከእናቱ ነው። አንዱ ኤክሷ የተበላሸባት ሴት ተሸካሚ ትባላለች። ለተሸካሚ እናት በእያንዳንዱ እርግዝና ዕጣው አዲስ ነው። ወንድ ከሆነ ግማሽ በግማሽ ሊታመም ይችላል፤ ሴት ከሆነች ግማሽ በግማሽ ተሸካሚ ልትሆን ትችላለች። ሦስት ጤነኛ ወንዶች መውለድ አራተኛውን አያድነውም፤ አንድ የታመመ መውለድም «የእኔ ድርሻ አለቀ» አያሰኝም። የታመመ ወንድ አድጎ አባት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ለወንድ ልጆቹ ኤክሱን ስለማይሰጥ ሁሉም ነጻ ናቸው፤ ሴቶች ልጆቹ ግን በሙሉ ተሸካሚ ናቸው።

አሁን ወደ «ጥፋተኛዋ» እንመለስ። ከሕመምተኞቹ ሲሶ ያህሉ በቤተሰባቸው ከዚያ በፊት አንድም የታመመ ሰው የላቸውም። ጂኑ እዚያው አካባቢ፣ በአንድ ወይም በሁለት ትውልድ ውስጥ የተሰበረ ነው። ከባድ ሄሞፊሊያ ኤ ካለባቸው ከግማሽ በጥቂት የሚያንሱት ላይ አንድ የታወቀ ስብራት ይገኛል፤ የጂኑ ቁራጭ ተቆርጦና ተገልብጦ ይቀመጣል። ይህ መገልበጥ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚፈጠረው የወንድ የዘር ፍሬ ሲሠራ ነው፤ በወንድ ውስጥ ኤክስ ሙሉ ጥንድ ስለሌለው በራሱ ላይ ሊታጠፍ ይችላል። እናም ብዙ ጊዜ ስብራቱ የተጀመረው በእናትየው አባት ገላ ውስጥ ነው። እሱ ጤነኛ ነው፣ ልጁም ጤነኛ ናት፣ የልጅ ልጁ ግን ይደማል። ሾተላይ የተባለችው ሴት ከአባቷ የተቀበለችውን ሳታውቅ አሳልፋ ሰጠች፤ ሌላ ምንም አላደረገችም።

ሰባት ቤት መቁጠር አያድንም ወይ? ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ለሌሎች የዘር ሕመሞች ትልቅ ነገር ነው። የአልቢኒዝም፣ የታላሲሚያ፣ የሲክል ሴል ጂን አንድ ብቻ ሲሆን ሰውን አያሳምምም፤ ልጅ የሚታመመው ከአባትም ከእናትም የተበላሸውን ሲወርስ ነው። ሁለቱም ወላጆች ጤነኛ ተሸካሚዎች ከሆኑ ከአራት አንድ ዕጣ አለ። ዘመዳሞች ከአንድ ቅድመ አያት አንድ ዓይነት ስብራት የመውረስ ዕድላቸው ሰፊ ስለሆነ፣ ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባት እንዲህ ያሉ ሕመሞችን ያርቃል። የአጎትና የአክስት ልጆች የሚጋቡበት አገር ሳዑዲ ዓረቢያ በ2004 ለሲክል ሴልና ለታላሲሚያ ከጋብቻ በፊት የደም ምርመራ ግዴታ ያደረገችው በዚህ ምክንያት ነው። ሲክል ሴል በደጋው የአገራችን ክፍል ብርቅ መሆኑ ግን ከሰባት ቤት ሳይሆን ከወባ ጋር የተያያዘ ነው። አንቶኒ አሊሰን በ1954 እንዳሳየው አንዱን ጂን ብቻ የያዘ ሰው ወባን ይቋቋማል፤ ወባ በሌለበት ደጋ ጂኑ የሚጠቅመው ነገር የለም። ሄሞፊሊያ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። እናት ብቻዋን ትበቃለች። ባሏ ሰባት ቤት ቢርቅ፣ ከሌላ ክፍለ ዓለም ቢመጣም ለውጥ የለውም።

ነገሥታትም ቢሆኑ አላመለጡም። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ከዘጠኝ ልጆቿ አንዱ፣ ልዑል ሊዮፖልድ፣ ይደማ ነበር፤ በ30 ዓመቱ በ1884 ካን ላይ ወድቆ ሞተ። ከቪክቶሪያ በፊት በቤተሰቡ ምንም የለም፤ አባቷ ሲወልዷት የ51 ዓመት ሰው ነበሩ፣ ስብራቱም ከእሳቸው ሳይጀምር አልቀረም። ልጆቿ አሊስና ቢያትሪስ ለልጆቻቸው አሳለፉት። የቢያትሪስ ልጅ የስፔን ንግሥት ስትሆን፣ የበኩር ልጇ አልፎንሶ ሕመም የታወቀው ሕፃን ሳለ ሲገረዝ ነው ይባላል። በማድሪድ ቤተ መንግሥትም መርማሪው ምላጭ ነበር ማለት ነው። የአሊስ ልጅ አሌክሳንድራ ደግሞ የሩሲያ ንግሥት ሆነች፤ አራት ሴቶች ወልዳ በ1904 አልጋ ወራሹን አሌክሲስን አገኘች። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እትብቱ ይደማ ጀመር።

ሕመሙ ምን እንደሚመስል ለማየት በጥቅምት 1912 ስፓላ ወደሚባለው የፖላንድ የአደን ማረፊያ መግባት ይበቃል። የስምንት ዓመቱ አሌክሲስ ጀልባ ላይ ተመትቶ ነበር፤ ሊያገግም ሲል እናቱ በሠረገላ ታንሸራሽረዋለች፤ ሠረገላው ያንገጫግጨዋል። ጭኑና ብሽሽቱ ውስጥ ያለው ጡንቻ መድማት ይጀምራል። ከውጭ ጠብታ ደም የለም። ደሙ በጡንቻው ውስጥ እየሞላ ነርቩን ይጫናል፤ ልጁ ግራ እግሩን ወደ ደረቱ አጥፎ ይይዛል፤ ጉልበቱ ቢነካ ጩኸቱ በማረፊያው ሁሉ ይሰማል። ትኩሳቱ ይወጣል። ከታች አዳራሽ እንግዶች እራት ይበላሉ፤ ምስጢሩ አልወጣማ። በመጨረሻ ካህን ተጠርቶ የመጨረሻውን ቍርባን አቀበሉት። ንግሥቲቱ በጸሎቱ ይፈውሳል ብላ የምታምነው የራስፑቲን ቴሌግራም የደረሰው ያኔ ነው፤ ልጁም ተረፈ። ንግሥቲቱ ከዚያ በኋላ ራስፑቲንን ሳትሰማ ያደረገችው ነገር ጥቂት ነው፤ የቀረውን ታሪክ ያውቀዋል። የትኛው ሄሞፊሊያ እንደነበር ዓለም ያወቀው በ2009 ነው። ከቤተሰቡ አጥንት ጂኑ ሲነበብ ቢ ሆኖ ተገኘ።

ያ የታጠፈ እግር በየገጠሩ ቤትም አለ፤ ስሙ ግን ሌላ ነው። ልጁ መዳህ ሲጀምር ጉልበቱና ክርኑ ይበልዛል፤ ሲወድቅ ምላሱን ከነከሰ ቀናት ይደማል። እንጥል መቁረጥና ግግ ማውጣት ባለበት አካባቢ ከግርዘት ያመለጠው እዚያ ይያዛል። ትንሽ ከፍ ሲል አንድ ጉልበት፣ ሁልጊዜ ያው ጉልበት፣ ይሞቃል፣ ይነፋል፣ አልዘረጋ ይላል። ቤተሰብ «ወለም አለው» ብሎ ወደ ወጌሻ ይወስደዋል፤ ወጌሻው ያሸዋል፤ ደም የሞላ መገጣጠሚያ በታሸ ቁጥር የበለጠ ይደማል። ወይም ጤና ጣቢያ ይሄድና ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ በመርፌ ጡንቻው ላይ ይወጋል። ይህ ሁለት ጉዳት በአንድ መርፌ ነው፤ መርፌው ራሱ ጡንቻውን ያደማል፣ መድኃኒቱ ደግሞ የፕሌትሌትን ሥራ ያውካል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌንም እንዲሁ። ፓራሲታሞል ይቻላል። በመገጣጠሚያ ውስጥ የቀረ ደም ብረቱን እየተወ ልስላሴውን ይበላዋል፤ ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት የሽማግሌ ጉልበት ይዞ ይቀራል። ከሁሉ የሚከፋው የራስ ውስጥ መድማት ነው። ሄሞፊሊያ ያለበት ልጅ ራሱን ከተመታ፣ ደህና ቢመስልም፣ መጀመሪያ ፋክተር ይሰጠዋል፣ ምርመራው ቀጥሎ ነው።

ሕክምናው የመጣበት መንገድ በራሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። የቦነስ አይረሱ ሐኪም አልፍሬዶ ፓቭሎቭስኪ በ1940ዎቹ ሁለት ደማቸው የማይረጋ ሕሙማን ደም ሲቀላቀል መርጋቱን አየ፤ የጎደላቸው ነገር የተለያየ ነበርና አንዱ የሌላውን ሞላ። በ1952 እንግሊዛውያን ሐኪሞች ያንን ሁለተኛ ዓይነት ሕመም ስቲቨን ክሪስማስ በተባለ የአምስት ዓመት ልጅ ስም ሰይመው፣ በገና ሳምንት በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል አወጡት። በ1964 ጁዲት ፑል በስታንፎርድ የቀዘቀዘ ፕላዝማ ቀስ ብሎ ሲሟሟ ከሥር የሚቀረው አተላ በፋክተር 8 የበለጸገ መሆኑን ደረሰችበት። ከዚያ ከሺዎች ለጋሾች ፕላዝማ የተጨመቀ ዱቄት መጣ፤ ሕሙማን ቤታቸው ሆነው ራሳቸውን መውጋት ጀመሩ፤ ነጻነት ነበር። በአንድ ጠርሙስ ውስጥ የሺዎች ደም መኖሩ ግን ኤች አይ ቪ ሲመጣ ፍርድ ሆነ። በአሜሪካ ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ ተያዙ። ስቲቨን ክሪስማስም በ1993 በዚሁ ሞተ። ዛሬ ፋክተር ያለ ሰው ደም በላቦራቶሪ ይሠራል፤ ከ2017 ወዲህ ደግሞ ኤሚሲዙማብ የሚባል፣ የፋክተር 8ን ሥራ ተክቶ የሚሠራ፣ ከቆዳ ሥር በሳምንት ወይም በወር የሚወጋ መድኃኒት አለ። በ2022 መጨረሻ ለሄሞፊሊያ ቢ የተፈቀደው የጂን ሕክምና በአሜሪካ የተቆረጠለት ዋጋ ለአንድ ሰው 3.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ቁጥሩን የጻፍኩት እንድንመኘው አይደለም።

በእኛ አገር ያለው ሌላ ነው። ከ5,000 ወንዶች አንዱ በሚለው ስሌት ብንሄድ በኢትዮጵያ ሄሞፊሊያ ያለባቸው በሺዎች ይቆጠራሉ፤ በሐኪም መዝገብ የሰፈሩት ከዚያ እጅግ ያንሳሉ። ክትትሉ በዋናነት ጥቁር አንበሳን በመሰሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ነው፤ ፋክተሩ በአብዛኛው የሚመጣው ከዓለም አቀፉ የሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን በልገሳ ነው። ፌዴሬሽኑን በ1963 ያቋቋመው ፍራንክ ሽናብል ራሱ ሕመምተኛ ነበር፤ በልደቱ ቀን፣ በእኛ ሚያዝያ 9፣ የዓለም ሄሞፊሊያ ቀን ይከበራል። ልገሳው የሚመጣው በትንሽ ብልቃጥ ነው፤ ነጭ ዱቄት፣ ከጎኑ የሚበጠበጥበት ውኃ። ውኃው ቀስ ተብሎ ይጨመራል፣ ብልቃጡ አይናጥም፤ አረፋ ካወጣ ፕሮቲኑ ይጎዳል፤ በእጅ መሐል ቀስ እየተደረገ ይሽከረከርና በደም ሥር ይሰጣል። ፋክተር 8 በደም ውስጥ በ12 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። መከላከያ እንዲሆን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ መወሰድ አለበት፤ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ ከደማ በኋላ ለማስቆም የሚበቃው ነው። ብልቃጡ በፍሪጅ ነው የሚቀመጠው፤ መብራት የሚጠፋበት ወረዳ ያለ ልጅ ስንት ሰዓት ተጉዞ እንደሚደርስ ማሰብ ነው።

በሽታው የወንድ ነው ሲባል የሚረሱት ሴቶቹ ናቸው። የታመመውን ልጅ እኅት ማንም አይመረምራትም፤ «አንቺ ብታስተላልፊ እንጂ አይነካሽም» ትባላለች። አንዱ ኤክስ ሁልጊዜ በበቂ አይሸፍንም፤ ከተሸካሚ ሴቶች የፋክተር መጠናቸው ከ40 በመቶ በታች የሚወርድ ብዙ ናቸው። በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ አመዳደብ እነዚህን ሴቶች ተሸካሚ ብቻ ማለት ትቶ ሕመምተኛ ብሎ መዝግቧቸዋል። የወር አበባዋ ከሳምንት በላይ የሚቆይ፣ ሁልጊዜ የደም ማነስ ያለባት፣ «የእናቴም እንዲህ ነበር» የምትል ልጅ ወንድሟ ወይም አጎቷ ይደማ እንደነበር የሚጠይቃት ሐኪም ያስፈልጋታል። ስታረግዝ ደግሞ ለአዋላጇ አስቀድማ መንገር አለባት፤ ልጁን በመሣሪያ ስቦ ማውጣት የራስ መድማት ሊያመጣበት ይችላልና። ለራሷም ጊዜው የሚያታልል ነው። በእርግዝና ፋክተር 8 ይጨምራል፣ ስትወልድ ሁሉም ደህና ይመስላል፣ ከሆስፒታል ትወጣለች። መጠኑ ተመልሶ የሚወርደው በሚቀጥሉት ቀናትና ሳምንታት ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ደሙ የሚመጣው ቤቷ ከገባች በኋላ ነው።